ከቀይ ማዶ የምታየው እትዬ የሺ

እትዬ የሺ መሞቷን የነገረችኝ የእህቷ ልጅ ናት። ደውላ ካረዳችኝ በኋላ፣ እኔ ገና አፍንጫዬን ሳልጠርግ፣ «ጋሼ፣ እርስዎ ዘንድ ፎቶዋ ይኖር ይሆን? ድንኳን ውስጥ የምናቆመው አጣን» አለችኝ። የሰማሁትን ማመን አቃተኝ። የሰቆጣን ሙሽራና ሟች፣ ዲያቆንና ፖሊስ ሁሉ ስታነሣ የኖረች ሴት የራሷ ፎቶ የላትም። እኔ ግን አንድ አለኝ፤ ያነሣሁትም እኔው ነኝ። ከመሳቢያ አውጥቼ ሳየው ልልከው አፈርሁ። ጫማዋ አለ፤ የቀሚሷ ጥለት አለ፤ ወገቧ ላይ ያደረገችው እጅ አለ፤ ከአንገት በላይ ግን የለችም። ያን ጊዜ እሷው አጥባ ስትሰጠኝ፣ «እግዜር ይስጥልኝ፤ ጫማዬ እንደዚህ አምሮ አያውቅም» ብላኝ ነበር።

«ፎቶ እንኳን የለኝም፤ ግን እጽፍላችኋለሁ» አልኋት ልጅቱን። ፎቶ ማንሣት ያልቻለ ሰው የሚለው ነገር ነው።

ሰቆጣ የደረስሁት በጃንሆይ ዘመን መገባደጃ ላይ ነው። የጎጃም ልጅ ነኝ፤ በዚያ ዕድሜዬ ከደብረ ማርቆስ ወዲያ ያለውን አገር የማውቀው በካርታ ብቻ ነበር። ከእርሻ ትምህርት ቤት እንደ ወጣሁ የምደባው ኃላፊ ቀና ብሎ እንኳ ሳያየኝ፣ «አንተ ዋግ ነው የደረሰህ» አለኝ። ደስ አለኝ። በትምህርት ቤት ዋግ የምንለው ስንዴ ላይ የሚወጣውን ዝገት መሳይ በሽታ ነው፤ በዚያ ፈተና ደግሞ ጥሩ ነጥብ ነበረኝ። «የሰብል በሽታ መከላከያ ክፍል ገባሁ» ብዬ ለእናቴ ነገርኋት። እናቴ ለጎረቤት ነገረች። ዋግ አገር መሆኑን የሰማሁት የጭነት መኪና ላይ ከወጣሁ በኋላ፣ ከሹፌሩ ነው።

ሰቆጣ በገባሁ ሰሞን የመጀመሪያ ሥራዬ ፎቶ መነሣት ሆነ። ካኪ ሱፌን ለበስሁ፤ ኪሴ ላይ ብዕር ሰካሁ፤ ባርኔጣዬን ደፋሁና የከተማዋ ብቸኛ ፎቶ ቤት ገባሁ። በሩን የከፈተችልኝ ቀጭን፣ ረዥም ሴት ናት። የጣቶቿ ጫፎች በፎቶ ማጠቢያው መድኃኒት ቡናማ ሆነዋል፤ ስታልፍ ኮምጣጤ ኮምጣጤ ትሸታለች፤ ጸጉሯ ውስጥ እርሳስ ሰክታለች። አርባ ዓመት ሳይሞላት አይቀርም። ከላይ እስከ ታች አየችኝ።

«ደረትህን አስተንፍስ፤ አውራ ዶሮ ለመሸጥ የመጣህ ትመስላለህ።»

«እሺ፣ እርስዎ እንዳሉ» አልሁ።

«እርስዎ አትበለኝ። እርስዎ ስባል የሞትሁ ይመስለኛል። እትዬ የሺ በለኝ፤ አንቺ በለኝ።»

ከዚያን ቀን ጀምሮ አንቺ አልኋት። ፎቶው ታጥቦ ሲወጣ ዓይኔን ጨፍኛለሁ። ሌላ አንሥታ ለእናቴ የሚላከውን ሰጠችኝ፤ ዓይኔን የጨፈንሁበትን ግን አሳድጋ ደጃፏ ላይ ሰቀለችው። በየገበያው ቀን ከዋግ ገጠር፣ ከዝቋላና ከሰሃላ የሚመጣው ገበሬ እሱን አይቶ ያልፋል። ቢሮዬ ሲመጡ፣ «ያ የሚተኛው ልጅ አንተ ነህ?» ይሉኛል። እንድታወርደው ለመንኋት። «ዓይንህን ገልጠህ አንድ ነገር ያየህ ቀን አወርደዋለሁ» አለችኝ። ከሰቆጣ ስዛወርም እዚያው ነበር።

የሺ የአዲስ አበባ ልጅ ናት። በወጣትነቷ ካርታ የሚሠራ መሥሪያ ቤት ውስጥ፣ ከአውሮፕላን ላይ የሚነሣውን ፎቶ በጨለማ ክፍል ስታጥብ ኖራለች። ባሏ የስልክ ሠራተኛ ነበር፤ ሰቆጣ ሲመደብ ተከትላው መጣች። እሱ ሽቦ ሊዘረጋ ተከዜ ቆላ ወርዶ ንዳድ ይዞት ሲመለስ ሞተ። ሰው ሁሉ ዕቃዋን ጭና ወደ ዘመዶቿ ትመለሳለች ብሎ ሲጠብቅ፣ እሷ በባሏ ተዝካር ማግሥት የፎቶ ቤት ታፔላ ሰቀለች። «የት ልሂድ? መቃብሩ እዚህ ነው፤ መልካም ብርሃንም እዚህ ነው» ትል ነበር። ከገበያ ሴቶች ጋር በአገሩ ቋንቋ በኽምጣንጋ ትቀልዳለች፤ ከፖሊሱ ጋር በአማርኛ ትጣላለች፤ ከኮረም ሹፌሮች ጋር በትግርኛ ትስቃለች። አንድ ነገር ስታስብ ደግሞ አንድ ዓይኗን በመዳፏ ሸፍና በሌላው ታያለች። «ሁለቱ ዓይኖች አብረው ሲሆኑ ይከራከራሉ እንጂ አያዩም» ትላለች።

ያን የተለየ ፊልም ያሳየችኝ ቤቷን ካዘወተርሁ በኋላ ነው። ጓሮ፣ ጥላ ቦታ ላይ፣ እስከ አንገቱ የተቀበረ እንስራ አላት። ጠላ መስሎኝ ስንት ጊዜ እንድትጋብዘኝ ዙሪያውን እንደ ዞርሁ እኔና እሷ እናውቃለን። አንድ ቀን ክዳኑን ከፈተች፤ ውስጡ በላስቲክ የተጠቀለለ ቆርቆሮ ነው። ካርታ ቤት ሳለች አለቃዋ የነበረ ሰው፣ ጊዜው አልፎበታል ተብሎ የሚጣለውን ፊልም በሹፌር እጅ ይልክላታል። ሙቀት ስለሚያበላሸው እንስራ ውስጥ ታቀዘቅዘዋለች።

«የቀስተ ደመና ቀለም ቀይ ላይ ያልቃል ብለው አስተምረውሃል አይደል? አያልቅም» አለችኝ። «ከቀይ ማዶ ሌላ ብርሃን አለ። እኛ አናየውም፤ ይህ ፊልም ያየዋል። ጤነኛ ቅጠል ያን ብርሃን አይፈልገውም፤ መልሶ ይወረውረዋል። ስለዚህ በፎቶ ሲወጣ እንደ ጥጥ ይነጣል። ቅጠሉ ውስጥ ውስጡን ሲታመም ግን መወርወሩ ያቅተዋል፤ ይጠቁራል። ለኛ ዓይን የሚገረጣው ከዚያ በኋላ ነው።»

«ሙቀት ማለትሽ ነው» አልኋት፤ አላውቅም ማለት በትምህርት ቤት አላስተማሩኝም።

«ሙቀት አላልሁም። ብርሃን አልሁ። ጆሮህንም ነው እንዴ የጨፈንኸው?»

ለዚህ ፊልም የሚሆን ካሜራ ከየትም አይገኝም፤ ስለዚህ ራሷ ሠራችው። የባሏን የመሣሪያ ሣጥን ወሰደች፤ ከአሮጌው የፎቶ ቤት ካሜራ ላይ ሌንሱን ነቀለችና ገጠመችበት። ተራው ብርሃን እንዳይገባ የሚከለክል ጥቁር መስተዋት ያስፈልጋል፤ እሱንም አጣች። በኋላ ምንም ያልተነሣበትን የባለቀለም ፊልም ቁራጭ ብታጥበው ጥቁር ሆነ። ለኛ ዓይን ጥቁር ነው፤ ለዚያኛው ብርሃን ግን የተከፈተ መስኮት። ያን ደራርባ ሌንሱ ፊት ለጠፈችው።

የመጀመሪያው ፎቶ በሙሉ ጭጋግ ሆኖ ወጣ። ያ ብርሃን ለካ ስስ እንጨትን እንኳ ሰርስሮ ይገባል። ሣጥኑ ውስጡን በብር ወረቀት፣ በሲጋራ ፓኮ ውስጥ በሚገኘው መለበጥ ነበረበት። እሷ አታጨስም፤ እኔም አላጨስም። «አንተ የመንግሥት ሰው ነህ፤ ፖሊስ ጣቢያው ደጅ ብዙ ይጣላል፤ ልቀም» አለችኝ። ለቀምሁ። ካኪ ለብሼ፣ ባርኔጣ ደፍቼ፣ ጎንበስ ቀና እያልሁ። ከተማው ውስጥ፣ «የእርሻው ልጅ ምን ሆኗል?» «ደመወዙ አልደርስ ብሎት ቁራጭ ሲጋራ ይለቅማል» ተባለ። አንድ ደግ ፖሊስ ጠርቶ ሙሉ ሲጋራ ሰጠኝ። አመስግኜ ወሰድሁ፤ ምን ልበል?

ካሜራው ሲያልቅ ለሙከራ የመረጠችው የኔን ማሳ ነው። ከቢሮዬ ፊት ለፊት አጥር ያጠርሁለት፣ ሰሌዳ ያቆምሁለት የሠርቶ ማሳያ ስንዴ ነበረኝ። ምርጥ ዘር ነው። ጠዋት ማታ ውሃ አጠጣዋለሁ፤ ማታ ማታ ደግሞ ባለፍሁ ባገደምሁ ቁጥር ቆም ብዬ አየዋለሁ። በአጥሩ ማዶ የአንድ ገበሬ ገብስ አለ፤ የሱን በአዘኔታ ነበር የማየው። እትዬ የሺ ሣጥኗን ጉብታው ላይ ተክላ ሁለቱንም በአንድ ፎቶ አነሣቻቸው።

ፎቶው ታጥቦ ሲወጣ የገበሬው ገብስ እንደ ተነደፈ ጥጥ ነጭ ነው። የኔ ስንዴ ጥላሸት ነው።

«ጥላ ነው» አልኋት። «ደመና አልፎ ይሆናል።»

«ደመናው በአንተ ማሳ ልክ ተሰፍቶ ነው የመጣ?»

«ፊልሙ ጊዜው ያለፈበት ነው ብለሽኝ የለ?»

«ለገብሱም ያለፈበት ነው።»

ተቆጥቼ ወጣሁ። ማሳዬ ሄጄ ቆምሁ። አረንጓዴ ነው፤ እንዲያውም ከገብሱ ይበልጥ አረንጓዴ ነው። እንዳይከፋው ብዬ ያን ማታ ተጨማሪ ውሃ አጠጣሁት። ብዙም ሳይቆይ ከሥር ከሥሩ ቢጫ ሆነ፤ አንዱን ስነቅለው ሥሩ በእጄ ላይ እንደ ራሰ ጭድ ተበጣጠሰ። ውሃ አስጥሜው ኖሯል። ትስቅብኛለች ብዬ ስጠብቅ እትዬ የሺ አጥሩ ላይ ተደግፋ፣ አንድ ዓይኗን ሸፍና ማሳውን አየች። በመጨረሻ፣ «መውደድህ በዛበት» አለችኝ። እስከ ዛሬ ስለ እኔ ከተባለው ሁሉ ቸር የሆነው ንግግር ይህ ይመስለኛል።

ሾላውን ያነሣችው ለውበቱ ብላ ነበር። ገበያው ዳር ያለ፣ ጎረምሶች እጅ ለእጅ ተያይዘው ሊያቅፉት የማይችሉት ዛፍ ነው። የተጣላ የሚታረቀው፣ ድንበር የተጋፋ የሚዳኘው በሥሩ ነው። ከቀትር በኋላ ጥላው የሚወድቀው በጨው ተራ ላይ ነው፤ አሞሌ የሚሸጡት ሴቶች ምርጡን ቦታ ይዘዋል። ግንቦት ላይ፣ «ነጭ ሾላ አንሥቼ ደጃፌ ላይ እሰቅላለሁ፤ የአንተን ፎቶ ጎን» ብላ ሣጥኗን ተከለች።

ግማሹ እንዳለችው ሆነ፤ የሙሽራ ቀሚስ መሰለ። በጨው ተራው በኩል ያለው ግማሽ ግን ጥቁር ወጣ። በጠዋት አነሣችው፤ ከቀትር በኋላ አነሣችው፤ ጥላው ቦታ ሲቀይር ጥቁረቱ አልተቀየረም። የእንስራው ፊልም በዚሁ አለቀ። ሦስቱን ፎቶዎች ጠረጴዛ ላይ ደርድራ ስታይ ቀልድ የሚባል አልወጣትም። በመጨረሻ፣ «በዚያ በኩል ሥሩ ሞቷል። ዛፉም ወደዚያው አዘንብሏል። አፈሩ ዝናብ ሲጠግብ ይወድቃል» አለች።

የሾላው ሽማግሌዎች አለቃ ቀኛዝማች ወልዴ ናቸው። ነገር የሚያዳምጡት ዓይናቸውን መሬት ላይ ተክለው ነው፤ ፍርድ ሲሰጡ ብቻ ቀና ይላሉ። እትዬ የሺ ፎቶዎቹን በፎጣ ጠቅልላ፣ እኔን ደግሞ «ባለሙያ» ብላ አስከትላ ቤታቸው ሄድን። መንገድ ላይ አስጠናችኝ። «ሥሩ ታሟል። በዚህ በኩል ለቅጠሉ ውሃ አይደርሰውም። ክረምት ሲገባ ይወድቃል። ይህን ብቻ በል። ሌላ አትጨምር።»

ጨመርሁ። ጉሮሮዬን ጠርጌ፣ «እንግዲህ ሳይንስ እንደሚያስረዳን» ብዬ ጀመርሁና ስለ ፀሐይ፣ ስለ ቅጠል አተነፋፈስ፣ ስለ ሥር ዓይነቶች ተናገርሁ። ከደብረ ማርቆስ ጀምሮ ማንም እንደዚያ በዝምታ አዳምጦኝ አያውቅምና አማረልኝ። ስጨርስ ቀኛዝማች አንድ ነገር ብቻ ጠየቁኝ።

«ልጄ፣ ሾላው አሁን በዓይን ሲያዩት ምን ይመስላል?»

«አረንጓዴ ነው፣ ጌታዬ።»

«ሁለቱም ወገን?»

«ሁለቱም ወገን።»

«ተባረክ» አሉኝና ወደ እሷ ዞሩ። ፎቶውን በክንዳቸው ርቀት ይዘው አዩት። «ይህ ነጩስ ምንድን ነው? በረዶ ነው?»

«በረዶ አይደለም፣ ቀኛዝማች። ጤና ነው።»

«አባቴ ከደመኛው የታረቀው እዚያ ነው። እኔም ከወንድሜ ጋር ተጣልቼ የታረቅሁት እዚያ ነው። አንቺ ጨርቅ ተከናንበሽ፣ ከሣጥን ውስጥ ሆነሽ ሞተ ትይኛለሽ?»

«ይቆረጥ አላልሁም። ጨው ተራው ወደ ማዶ ይዙር ነው የምለው።»

«ከቀትር በኋላ ጥላው ያለ በጨው ተራ ነው። ሰውን ሁሉ ፀሐይ ላይ ልጣደው?» ፎቶውን በሁለት እጃቸው፣ በክብር መለሱላት። «ሒጂ፣ እናቴ። ሙሽራሽን አንሺ።»

ስንመለስ ትሰድበኛለች ብዬ ጥቂት ወደ ኋላ ቀርቼ ነበር የምራመድ። ቤቷ በር ላይ ስንደርስ፣ «ተባረክ አሉህ አይደል?» አለችኝ።

በሚቀጥለው ገበያ የሆነውን ሳይ ግን አበደች ብዬ ነበር። የደንበኞቿን ተራ ካሜራ ተሸክማ መጣች፤ ከሾላው ማዶ፣ ከጨው ተራው በተቃራኒው በኩል፣ በጠራራው ፀሐይ ላይ ተከለችውና፣ «ዛሬ ፎቶ በነፃ ነው!» ብላ በሦስት ቋንቋ ጮኸች። ገበያው ግልብጥ ብሎ መጣ። ልጅ ያዘለች፣ ፍየል የሚጎትት፣ ማር የተሸከመ ሁሉ ተሰለፈ። ገዢው ወደዚያ ሲሄድ ሻጩም ዕቃውን እየጎተተ ተከተለው። ቀትር ሳይሆን ጨው ተራው ባዶ ሆነ። አንድ ሴት ብቻ ቀረች፤ ወይዘሮ ለተብርሃን የምትባል፣ ትከሻዋ የሰፋ ጨው ሻጭ። «ይህ ቦታ የእናቴ ነው። በፎቶ አልለውጠውም» አለች።

ሰልፉን ሳስተናግድ ዋልሁና ማታ ካሜራውን ተሸክሜላት ስንመለስ፣ «ፊልሙን ከየት አመጣሽው?» አልኋት። መንገዱ በኮረም በኩል በጎርፍ ተቆርጧል፤ ከደሴ የሚመጣ ነገር ሁሉ ከቆመ ሰነባብቷል።

«ፊልም የለውም» አለች። «ባዶ ነው።»

«ታዲያ ይህን ሁሉ ሰው...»

«አዎ፤ ዋሸሁት። ምን ላድርግ? እውነቱን በፎቶ አሳየኋቸው፤ አላዩትም። ውሸቱን ግን ተሰልፈው ተቀበሉኝ።»

በየገበያው እንዲሁ አደረገች። አገጫቸውን ቀና ታደርጋለች፤ «ትንፋሽ ያዙ!» ትላለች፤ ጥቁር ጨርቋን ተከናንባ ገብታ፣ ቆይታ ትወጣለች። ሰኔ እያለፈ ሲሄድ ግን ሰው መጠየቅ ጀመረ። «ፎቶዬስ?» «ፊልሙ ይታጠባል፤ ታገሡ።» ሐምሌ ሲገባ ስሟ ጠፋ። አጭበርባሪ አሏት። ለሠርግ የቀጠሯት ሰረዙ። እኔም የሷ ረዳት በመሆኔ ድርሻዬ ደረሰኝ፤ ምክር ልሰጣቸው ስሄድ ገበሬዎቹ፣ «ይህም እንደ ፎቶው ነው?» ይሉኝ ጀመር። እሷ ግን ስድቡንም ሰልፉንም ችላ በየገበያው መጣች፤ የሚሰለፈው ሰው እያነሰ፣ ጨው ተራው ቀስ በቀስ እየሞላ ሲሄድ ብቻ ድምጿ ይሰበር ነበር። ያን ጊዜ ትዘፍናለች። ድምጿ አያምርም፤ ሰው ለመሳቅ ይመጣላታል።

ሾላው የወደቀበት ቀን ሰማዩ ከጠዋት ጀምሮ ጠቁሮ ነበር። ቀትር ላይ ከተከዜ በኩል ነፋስ ተነሣ። እትዬ የሺ ከጨርቁ ሥር ወጥታ ሾላውን አየች፤ ከዚያ እንደዚያ ጮኻ የማታውቅ ሴት እጅግ ጮኸች። ጨው ተራው ላይ የነበሩት ደንግጠው ሮጡ። ለተብርሃን አሞሌዋን በጆንያ መሸፈን ያዘች።

«ሂድ አምጣት!» አለችኝ እትዬ የሺ።

ሄድሁ። ስለ ጀግንነቴ ብዙ ባወራ ደስ ባለኝ። ለተብርሃን ዘንድ ደርሼ፣ «እትዬ፣ እባክሽ ተነሽ» ብዬ ክንዷን ስይዝ፣ እግሬ የአሞሌው ክምር ላይ ተሰነካከለና በአፍጢሜ ተደፋሁ። ባርኔጣዬ ዓይኔ ላይ ወረደ። ከበላዬ እንደ ትልቅ በር የሚያቃስት ድምፅ ሰማሁ። ከዚያ አንድ እጅ የካኪ ኮቴን ኮሌታ ይዞ፣ እንደ ጆንያ እየጎተተ፣ በጭቃው ላይ አንሸራተተኝ። ለተብርሃን ናት። ግንዱ የነበርንበትን ቦታ ሲመታው መሬቱ ከሥሬ ተንቀጠቀጠ። አንዱ ቅርንጫፍ ክንዴን አገኘውና ሰበረው። ከዚያ ሁሉ ገበያ የተጎዳው ሰው እኔ ብቻ ነኝ፤ እኔ ደግሞ ለማዳን የሄድሁት ነበርሁ። ወጌሻው ሲያሸኝ የጮኽሁትን ጩኸት ለተብርሃን ለወራት ገበያ ላይ እያስመሰለች ታሳይ ነበር።

ቅጠሉ መሬት ላይ ተኝቶም አረንጓዴ ነበር።

አሁን ያመሰግኗታል ብዬ ነበር። ዝናቡ ሲያባራ ሰው ግንዱን ከቦ ቆሟል። እትዬ የሺ ወደ እኔ ስትመጣ መንገድ ለቀቁላት፤ ያ መልቀቅ የአክብሮት አልነበረም። እናቶች የልጆቻቸውን ፊት በነጠላ ሸፈኑ። አንዱ ከኋላ፣ «ዓይኗ ነው የጣለው» አለ። ሌላው ተቀበለው። «ስንት ጊዜ በሣጥኗ አየችው! አየችው፣ አየችው፣ በላችው።» ማታ ሳይሆን ወሬው አገር አዳረሰ። ከዚያ ቀን በኋላ ፎቶ ቤቷን የረገጠ ሰው የለም። ጎረቤቶቿ እሳት መጫር ተዉ። ስታልፍ የሚያማትበው ሰው በዛ። ክንዴን በጨርቅ አንጠልጥዬ እየሄድሁ አብሬያት እቀመጣለሁ።

«ሳያምኑኝ ይሻል ነበር» አለችኝ አንድ ቀን። ግድግዳው ላይ ያሉትን ፎቶዎች እያወረደች ሣጥን ውስጥ ትደረድራለች። «ውሸታም ሲሉኝ ቢያንስ ይሰድቡኝ ነበር። አሁን አያዩኝም። መንገዱ ሲከፈት እሄዳለሁ።»

«መቃብሩስ?» አልሁ፤ የባሏን ማለቴ ነው። ሌላ ፎቶ ከግድግዳው አወረደች።

መንገዱ ከመስቀል በኋላ ተከፈተ። የመጀመሪያው መኪና ከደሴ ተራ ፊልም፣ በእንስራው ውስጥ የሚቀመጠውንም ጥቂት ይዞላት መጣ። በዚያው መኪና ትመለሳለች ብዬ ልሰናበታት ሄድሁ። እሷ ግን የካሜራዋን እግር በነጠላ እየጠረገች ነው። «ለሰው ፎቶ እንደምሰጥ ተናግሬያለሁ። ሰጥቼ እሄዳለሁ» አለች።

በገበያው ቀን፣ ከወደቀው ግንድ ፊት ለፊት ካሜራዋን ተከለች። በአማርኛ፣ በኽምጣንጋ፣ በትግርኛ፣ «ፎቶ ያልደረሳችሁ ኑ!» አለች። ማንም አልመጣም። ገበያው ዙሪያዋን ሰፊ ክብ ትቶ ይገበያያል። እኔ ልሂድ ብዬ አንድ እግሬን አነሣሁ፤ እኔ ብነሣ ምን ይረባል ብዬ መለስሁት። እሷ እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ ቆመች፤ ፀሐዩ ከረረ፤ አሁንም ቆመች።

ቀኛዝማች ወልዴ ሲመጡ ሕዝቡ በሁለት ተከፈለ። ነጭ ጋቢያቸውን ለብሰዋል። በሕይወታቸው ፎቶ ተነሥተው አያውቁም፤ የመንግሥት ሰዎች ለምነዋቸው እንቢ ብለዋል። ቀጥ ብለው ሄደው ግንዱ ላይ ተቀመጡና ዱላቸውን ጉልበታቸው መካከል አቆሙ።

«አንሺኝ» አሉ።

«እሺ፣ ቀኛዝማች።»

«በየትኛው ፊልም ነው የምታነሺኝ?»

«በተራው ነው።»

«አይሆንም። ሾላውን ባየሽበት አንሺኝ። የኔንም ሕመም ሰው ይየው።»

ሻጩም ገዢውም ወደ ግንዱ ዞረ። እትዬ የሺ ወደ እሳቸው ቀረብ አለች። «ቀኛዝማች፣ እሱ ለቅጠል እንጂ ለሰው አይሆንም። በዚያ ፊልም ሰው ሁሉ ነጭ ሆኖ ነው የሚወጣ። እርስዎም፣ እኔም፣ በሽተኛውም፣ ደኅናውም።»

«ሁሉም?»

«ሁሉም።»

«ቡዳውም?»

እንዲህ በግልጽ ፊቷ ላይ የተናገረው ሰው አልነበረም። እትዬ የሺ ዓይኗን አልሰበረችም። «ቡዳ የሚባል ካለ እሱም» አለች።

ቀኛዝማች ቀና አሉ። ቀና ሲሉ ፍርድ መሆኑን ሁሉም ያውቃል። «የዚህን ዛፍ ሥር ሄጄ በእጄ አይቸዋለሁ። በስብሶ በጣቴ መካከል ይፈርሳል። ይህ የዓመታት ሕመም ነው። ይህች ሴት ቤቴ ድረስ መጥታ ነገረችኝ፤ እኔ መልሼ ሰደድኋት። ጥላው እንዳይቀርብን ብዬ ሴቶቹን መቃብር አፍ ላይ አስቀመጥኋቸው። እሷ ስሟን ሸጣ አወጣቻቸው። ከዛሬ ወዲያ ዓይኗን የሚያማ ከእኔ ጋር ይሟገት።» ከዚያ ጋቢያቸውን አስተካከሉና ፊታቸውን ወደ ካሜራው አዞሩ። «በይ፣ በፈለግሽው አንሺ።»

ትንፋሻቸውን ይዘው ፊታቸው እስኪጠቁር ቆዩ። «ይተንፍሱ እንጂ! አልቋል እኮ!» አለቻቸው። ሕዝቡ መሳቅ ፈልጎ ፈራ፤ እሳቸው ራሳቸው ሲስቁ ነው ሳቁ የፈነዳው።

ቀጥላ የመጣችው ለተብርሃን ናት። ሰውን በክንዷ እየገፋች መጥታ ካሜራው ፊት ቆመችና ጎኑን በጣቷ አንኳኳችው።

«ያን ጊዜ ባዶ ነበር አይደል?»

«ባዶ ነበር» አለች እትዬ የሺ።

«አውቄያለሁ። ለዚህ ነው ያልመጣሁ።»

«ዛሬስ?»

ለተብርሃን ግንዱ ላይ ተቀመጠች፤ ነጠላዋን መስቀለኛ አጣፋች፤ ሁለት ሰፋፊ እጆቿን ጉልበቷ ላይ አኖረች። «ዛሬ ሙሉ ነው» አለች።

እትዬ የሺ ጥቁሩን ጨርቅ ተከናንባ ገባች። ከሚገባው በላይ እዚያ ውስጥ ቆየች። ስትወጣ ፊቷ እርጥብ ነው። በቡናማ ጣቶቿ ጠረግ አደረገችውና ከለተብርሃን ጀርባ እየረዘመ የሚሄደውን ሰልፍ አየች።

«ተራው የማን ነው?» አለች።